‹‹ማን ጠየቀኝ?››፦ የአሜሪካ ፖለቲካ መሠረተ ሐሳቦችና የጎጃም ገበሬ ጥያቄ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው የአሜሪካን ፖለቲካ ስለሚመሩት መሠረተ ሐሳቦች ንግግር እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ የሰጠሁት መልስ ‹‹እኔ የውሃ ሰው ነኝ፤ ይህ የሕግና የታሪክ ምሁራን ድርሻ ነው›› የሚል ነበር። ኮሚቴው ግን ‹‹የምንፈልገው የመሐንዲስን አስተያየት ነው›› ብሎ አጸናብኝ። ነገሩን ሳሰላስለው፣ ይህንኑ ጉዳይ ከመጻሕፍት ቀድሞ ያስተማረኝ አንድ የፍኖተ ሰላም አካባቢ ገበሬ መሆኑ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ንግግሬን ከፊላደልፊያ ሳይሆን ከዳሞት ብጀምር እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ለአንድ አነስተኛ የመስኖ ቦይ ቅየሳ ወደ ፍኖተ ሰላም ገጠር ተልኬ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር መሣሪያችንን ተክለን ስንለካ ዋልንና ቦዩ የሚያልፍበትን መስመር በችካል ምልክት አድርገን ወደ ከተማ ተመለስን። በማግሥቱ ስንደርስ ከችካሎቹ አንዳንዶቹ ተነቅለዋል። ተነቅለው ግን አልተጣሉም፤ በእርሻው ዳር በሥርዓት ተደርድረዋል። ከአጠገባቸውም አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

‹‹እንደምን አደሩ፣ አባቴ›› አልኋቸው።

‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና አደርህ፣ ልጄ? እንካ ችካልህን። የመንግሥት ዕቃ ነውና አልሰበርሁትም›› አሉኝ።

ቦዩ በበጋ ውሃ እንደሚያመጣ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለማምረት እንደሚያስችል፣ ጥቅሙም ለእርሳቸውና ለጎረቤቶቻቸው እንደሆነ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ እንዲህ አሉ፦ ‹‹በአባቴ ጊዜ በቀላድ እንለካችሁ ብለው መጡ። በ67 አዋጅ ነው አሉን። በ89 ሽግሽግ ነው አሉን። አንተ ደግሞ በመነጽር መጣህ። የመጣው ሁሉ ለአንተ ብዬ ነው ይላል። ይሁን፤ ለእኔ ከሆነ ማን ጠየቀኝ?››

በእጄ የነበረው ንድፍ የውሃውን መጠን፣ የቦዩን ቁልቁለትና የሥራውን ዋጋ ይመልስ ነበር። ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም።

ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የአሜሪካ ፖለቲካ የተወለደው ከዚህችው ጥያቄ ነው። የእነርሱና የእኛ ልዩነት በጥያቄው ላይ አይደለም፤ ለጥያቄው ቋሚ መልስ የሚሰጥ ሥርዓት በመሥራትና ባለመሥራት ላይ ነው።

እንደሚታወቀው፣ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1765 በሰሜን አሜሪካ ሠፋሪዎች ላይ የቴምብር ቀረጥ ጣለ። ሠፋሪዎቹ የተቃወሙት የቀረጡን ልክ ብቻ አልነበረም፤ ወኪል ባልላኩበት ምክር ቤት የተወሰነ መሆኑን ጭምር ነበር። ይህ ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው በሻዩ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1773 የወጣው የሻይ ሕግ የሻዩን ዋጋ የሚያወደድ ሳይሆን የሚያረክስ ነበር። የቦስተን ሰዎች ግን የረከሰውን ሻይ ወደ ባሕር ጣሉት። ‹‹ለእናንተ ብለን ነው›› ለሚለው መንግሥት የሰጡት መልስ ‹‹ማን ጠየቀን?›› የሚል ነበርና። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1776 የጸደቀው፣ ቶማስ ጀፈርሰን ያረቀቀው የነጻነት መግለጫ ይህንኑ ስሜት ወደ መርሕ ከፍ አደረገው። የመርሑ ፍሬ ነገር፣ ሰዎች በተፈጥሮ እኩል መብት እንዳላቸው፣ መንግሥት የሚቆመውም ይህን መብት ለመጠበቅ እንደሆነና ሥልጣኑን የሚያገኘው ከተገዢዎቹ ፈቃድ መሆኑን ያስረዳል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የጻፈው ሐሳብ በዚህ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። እንግዲህ የመጀመሪያው መሠረተ ሐሳብ የሕዝብ ፈቃድ ነው።

ሁለተኛው መሠረተ ሐሳብ የተወሰነና የተከፋፈለ ሥልጣን ነው። እኛ መሐንዲሶች ይበልጥ የምንወደው ይህንን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ ተሰብስበው ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰዎች፣ በተለይም ጄምስ ማዲሰን፣ የተነሡት ‹‹ደግ ገዢ እናገኛለን›› ከሚል ተስፋ አልነበረም። ሰው ሥልጣን ሲይዝ ሊሳሳትና ሊያጠፋ እንደሚችል አስቀድመው አስበው ነው። ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ፍርድ ቤቱ እየተለያዩ እርስ በርሳቸው እንዲገታቱ፣ የማዕከላዊው መንግሥትና የክፍለ ግዛቶቹ ሥልጣንም እንዲከፋፈል አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1803 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርበሪ እና ማዲሰን በተባሉ ሰዎች መካከል በተነሣ ክርክር፣ ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ እንኳ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተጋጨ እንደማይሠራ ወሰነ።

ይህን በሙያችን ቋንቋ ላስረዳ። መርዓዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን ግድብ ያየ ሁሉ ማስተንፈሻውን አይቷል። በአብዛኛው ዓመት ማስተንፈሻው ሥራ የፈታ ይመስላል። ነገር ግን ወንዙ አይሞላም ብሎ ያለ ማስተንፈሻ የአፈር ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ ከመካከላችን የለም። ማስተንፈሻ የሌለው የአፈር ግድብ የሚፈርሰው ግንቡ ስለ ሳሳ ብቻ አይደለም፤ ውሃው በአናቱ ላይ ሲሄድ ጠንካራውም ይፈርሳል። ነጻ ምርጫ፣ ነጻ ፍርድ ቤትና ነጻ ጋዜጣ ለመንግሥት እንደዚሁ ናቸው። በደህና ቀን ትርፍ ወጪ ይመስላሉ፤ የሕዝብ ቅሬታ በሚሞላበት ቀን ግን ግድቡን የሚያድኑት እነርሱ ናቸው።

ሦስተኛው መሠረተ ሐሳብ የግለሰብ መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 በሕገ መንግሥቱ ላይ በተጨመሩት 10 ማሻሻያዎች የእምነት፣ የንግግር፣ የጽሑፍና የመሰብሰብ ነጻነት ተረጋገጠ። አምስተኛው ማሻሻያ ደግሞ ማንም ሰው ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን እንዳያጣ፣ ንብረቱም ለሕዝብ አገልግሎት ሲወሰድ ትክክለኛ ካሣ እንዲከፈለው ይደነግጋል። የዚህ ሐሳብ ክብደት ያለው ብዙኃኑ እንኳ በድምፅ ብልጫ ሊነካው የማይገባ ነገር አንድ ሰው እንዳለው በመቀበሉ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። እኩልነትን ያረቀቀው ጀፈርሰን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። የ1787ቱ ሕገ መንግሥት የወኪሎችን ቁጥር ለመወሰን ሲል ባሪያውን እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው ቈጠረው። የአገሩን ቀደምት ነዋሪዎች ስለ መሬታቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1830 በወጣ ሕግም ብዙዎቹ ከአገራቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። ባርነት የቀረው ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። በሕግ ፊት እኩል ጥበቃ የማግኘት መብት እ.ኤ.አ. በ1868 በ14ኛው ማሻሻያ ተጻፈ፤ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1920 ሲሆን፣ የጥቁሮች የመምረጥ መብት በእርግጥ የሚያስከብር ሕግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2021፣ የምርጫ ውጤትን ያልተቀበሉ ሰዎች የምክር ቤቱን ሕንፃ ሰብረው ሲገቡ ዓለም ተመልክቷል። እንግዲህ እነዚያ ቃላት በተጻፉበት ቀን እውነት አልነበሩም። ነገር ግን ተጽፈው ስለነበረ እንደ ዕዳ ውል አገለገሉ፤ የተበደለ ሁሉ ውሉን እያወጣ ‹‹ክፈሉኝ›› ለማለት በቃ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ‹‹እነዚህ ሐሳቦች የባዕድ ናቸው፤ ለእኛ አይስማሙንም›› የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። በጎጃም ገጠር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ ‹‹በሕግ አምላክ!›› ካለ ሌላው ዱላውን አውርዶ ይቆም ነበር። ይህ ሕግ ከጉልበት በላይ እንደሆነ የሚያምን ሕዝብ ቃል ነው። ርስትም ቢሆን ከንጉሥ የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን ከአባት የሚወረድ መብት ነበር፤ ወንድም ሴትም ልጅ ከቀደምት አባቱ ቈጥሮ ይጠይቀዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ያው ሕዝብ ‹‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ›› ይል ነበር። የእኛ ችግር በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ተጠቃሎ ይገኛል። ጎረቤትን የሚያቆም ሕግ ነበረን፤ ገዢን የሚያቆም ግን አልነበረንም።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን በ1923 ዓ. ም. ሲወጣ ከንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ የተሰጠ ስጦታ ሆኖ ነበር። በ1948 ዓ. ም. ተሻሽሎ የወጣው ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለው። በዝግጅቱ ላይ ጆን ስፔንሰርን የመሳሰሉ አሜሪካውያን የሕግ አማካሪዎች ተሳትፈዋል። ከዚህም የተነሣ ማንም ሰው በሕግ እኩል ጥበቃ እንዳይነፈግ በአንቀጽ 37፣ ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓትም ሕይወቱን፣ ነጻነቱንና ንብረቱን እንዳያጣ በአንቀጽ 43 ተደንግጎ ነበር። እነዚህ ከላይ የጠቀስኋቸው የአሜሪካ ማሻሻያዎች ቃላት ናቸው። ነገር ግን በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሉዓላዊነት የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የመወሰኛ ምክር ቤቱ አባላት በእርሳቸው ይሾማሉ፤ የመምሪያ ምክር ቤቱ እንደራሴዎች በሕዝብ ይመረጣሉ፤ ለመመረጥ ግን የንብረት መመዘኛ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ቃሉ መጣ፤ ማስተንፈሻው ግን አልተሠራም።

የዚህ ውጤት በ1960 ዓ. ም. በጎጃም ታየ። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አዋጁ አሥራትን ሽሮ ገበሬው እንደ ገቢው መጠን እንዲከፍል የሚያደርግ ሲሆን፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ከአሮጌው ሥርዓት የተሻለ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቾቹን ሲያይ ያየው ቀላድን ነው። መሬት መለካት ርስትን ወደ ማጣት እንደሚያደርስ፣ በደቡብም መሬቱ የተለካበት ሰው ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ ያውቅ ነበር። ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታትም መሬቱ እንዳይለካ አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። ስለዚህ ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት ድረስ ገማቾቹን አላስገባም አለ። በመጀመሪያ አቤቱታ አቀረበ፤ ሰሚ ሲያጣ መሣሪያ አነሣ። መንግሥትም ጦር ላከ፤ አውሮፕላኖች መንደር ደበደቡ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመው ያልተከፈለ ግብርም ተማረ።

ይህን ታሪክ ከአንድ የአሜሪካ ታሪክ ጋር እናስተያየው። አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1791 በአረቄ ላይ ቀረጥ ጣለ። እህላቸውን አረቄ አውጥተው የሚሸጡት የምዕራብ ፔንሲልቫኒያ ገበሬዎች፣ የጎጃምን አረቄ አውጪዎች አንጀት በሚበላ አኳኋን፣ እምቢ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1794 ዓመፁ በረታ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንም 13,000 ያህል ጦር አስከተተ። ሁለት ሰዎች በአገር ክህደት ተፈርዶባቸው በኋላ ምሕረት አገኙ። እስከዚህ ድረስ የሁለቱ አገሮች ታሪክ ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀረጡን የሚቃወሙ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1800 ምርጫ ጀፈርሰንን ደግፈው አሸነፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1802 ምክር ቤቱ የአረቄውን ቀረጥ በሕግ ሻረው። የሸፈተው ገበሬ በጠመንጃ ያጣውን በካርድ አገኘው።

የጎጃም ገበሬም ግብሩ ተነሥቶለታል። ነገር ግን ያገኘው ምሕረት ነበር፤ መብት አልነበረም። በምሕረትና በመብት መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ ምሕረት ሰጪውን ያስከብራል፤ መብት ባለቤቱን ያስከብራል። ምሕረት የሰጠ ሰው ነገ ሊነሣ ይችላል፤ መብት ግን ለልጅ ይተላለፋል። ከሁሉም በላይ፣ በ1960 ዓ. ም. ከጎጃም ገበሬ ቀጥሎ የሚመጣው ገበሬ ሊገለገልበት የሚችል አንዳችም መንገድ ተሠርቶ አልቀረም።

ከዚህም የተነሣ ጥያቄው ደጋግሞ ተመለሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ሲታወጅ በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ ታላቅ ነጻነት ነበር፤ ባለርስቱን የጎጃም ገበሬ ግን የጠየቀው አልነበረም። በ1989 ዓ. ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ፣ በቀድሞው ሥርዓት የቀበሌ ሹም የነበሩ ሰዎች በጅምላ ‹‹ቢሮክራት›› ተብለው የሚይዙት መሬት ከሌላው ሰው ባነሰ ልክ ተወሰነ። መሬት ያልነበረው ወጣት መሬት ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ጥፋቱ በፍርድ ቤት ሳይታይ በተመደበበት ስም ብቻ ሲቀጣ፣ የግለሰብ መብት የሚባለው ሐሳብ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ይታያል። አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ የመጡት የጎጃም ገበሬዎች ሲፈልጉ የነበረው የሚሰማቸው ዳኛ ነበር።

በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ብዙ መብት ይዘረዝራል፤ ገበሬም መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው በአንቀጽ 40 ይናገራል። ከአሜሪካው የሚለይባቸው መሠረታዊ ነጥቦችም አሉት። ሉዓላዊ ሥልጣን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመውም ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለዚህ የራሱ ምክንያት አለው፤ የማንኛውም አገር ሕግ ከታሪኩ ይወጣልና። እኔ የአሜሪካን ሕግ እንገልብጥ አልልም። በ1948 ዓ. ም. መገልበጥን ሞክረነዋል። የምለው ግን ይህን ነው፤ በየትኛውም ሥርዓት ቢሆን ገበሬው ‹‹ማን ጠየቀኝ?›› ሲል የሚሄድበት በር መኖር አለበት፤ በሩን የሚከፍተውም የከሰሰው ሰው ራሱ መሆን የለበትም።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ እንጅባራ ያለውን መንገድ የምታውቁ ሁሉ፣ ክልላችን በ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ላይ ወደ ጦርነት ከገባ በኋላ የደረሰውን ሐዘን ለመዘርዘር እኔ እንደማላስፈልጋችሁ አውቃለሁ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1933 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ነው። የሰላም መንገድ ግን በስም አይሠራም። እንደ ማናቸውም መንገድ የውሃ መውረጃ ያስፈልገዋል፤ ያለ መውረጃ የተሠራ መንገድ አንድ ክረምት አይሻገርም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

‹‹ይህ ሁሉ የፖለቲከኞች ሥራ ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?›› ትሉኝ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ገበሬው ሚኒስትር አያይም፤ ሕገ መንግሥትም አያነብም። መንግሥት ወደ እርሻው የሚገባው በእኛ እግር ነው። ችካሉን የምንተክል፣ መስመሩን የምናሰምር እኛ ነን። ስለ ካሣ በ1997 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በ2011 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 1161 ተተክቷል፤ አዋጁ ግን በገበሬው ዓይን እኛ በምንሠራበት አኳኋን ይለካል። ስለሆነም በሙያችን ወሰን ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልማድ እናድርግ እላለሁ። አንደኛ፣ ከመለካታችን በፊት እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ንድፉን ገበሬው በሚገባው ቋንቋ እናስረዳ፤ አማራጭ መስመር ካለም እናሳየው። ሦስተኛ፣ ቅር ያለው ሰው አቤት የሚልበትን ቦታ፣ ከእኛ መሥሪያ ቤት ውጭ ያለውንም ጭምር፣ ሳንደብቅ እንንገረው። የአሜሪካን ኑሮ እ.ኤ.አ. በ1831 ተዘዋውሮ ያጠናው ፈረንሳዊው አሌክሲስ ደ ቶክቪል፣ የዚያ አገር ሰዎች ራስን ማስተዳደርን የሚማሩት በየመንደሩ ጉባኤና በማኅበራቸው መሆኑን አስተውሏል። እኛም ደቦና ወንፈል፣ እድርና እቁብ፣ እንዲሁም ይህ ማኅበራችን አለን። መምረጥን፣ መከራከርንና በድምፅ መሸነፍን ከዚህ ብንጀምር አይከፋም።

የቦዩን ነገር ልጨርስ። ችካሎቹን ተቀብለን ተመለስን፤ ከሳምንት በኋላ ከመንደሩ ሰዎች ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌው የነቀሉበትን ምክንያት ያን ጊዜ ተናገሩ፤ እኛ ባሰመርነው መስመር ላይ በክረምት ከደጋው የሚወርድ ደራሽ ውሃ ያልፍ ኖሯል። እኛ በበጋ ስለለካን አላየነውም። መስመሩን ወደ ላይ አወጣነው፤ ቦዩ ረዘመ፤ ወጪውም በመጠኑ ጨመረ። እርሳቸው ከአዲሶቹ ችካሎች አንዱን በገዛ እጃቸው መቱ።

ባንጠይቃቸው ኖሮ የእርሳቸውን መብት ብቻ ሳይሆን የራሳችንን ሥራም እናበላሽ ነበር።